ሄኤ ናሉ፦ አላያ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ጣውላው ዛሬ ደረሰልኝ። አራት የፓውሎኒያ ጣውላ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሜትር ከሃያ አምስት። ጋራዡ ግድግዳ ላይ አስደግፌያቸዋለሁ። አንዱን በአንድ እጄ አነሳሁት። ይከብዳል ብዬ ተዘጋጅቼ ስለነበር እጄ ባዶውን የወጣ መሰለኝ።

ልሠራ ያሰብኩት አላያ ነው። ፈረንጅ ሃዋይን ሳያውቃት በፊት ሕዝቡ ማዕበል የሚጋልብበት ስስ የእንጨት ሰሌዳ። ፊቱ ክብ፣ ጭራው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ። ዛሬ ዓለም ሰርፊንግ የሚለውን እነሱ ሄኤ ናሉ ይሉታል። ሄኤ መንሸራተት ነው፣ ናሉ ማዕበል።

ሆኖሉሉ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሰርፊንግ የተማርኩት ዋይኪኪ ላይ፣ በሰዓት በሚከራይ ወፍራም የፎም ሰሌዳ ነው። ሐሳቤን የቀየረው ቢሾፕ ሙዚየም ያለው የልዕልት ካኢዩላኒ አላያ ነው። 7 ጫማ ከ4 ኢንች፣ በእኛ 2 ሜትር ከ23 ሴንቲ ገደማ። ከኮአ እንጨት የተሠራ። ካኢዩላኒ የዙፋኑ ወራሽ ነበረች። በ1893 መንግሥቱ ተገለበጠ። በ1899 እሷም በ23 ዓመቷ አረፈች። (የታሪኩን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። የማስታወሻውን ቀን ግን በለመድኩት በእኛ።) ሙዚየሙ ውስጥ ብዙ የንጉሥ ዕቃ አለ። እኔን ያቆመኝ ግን ያ እንጨት ነው። አንዲት ልጅ በደረቷ ተኝታበት ባሕር የገባችበት ነው።

ሁለት ደብተር ይዣለሁ፤ አንዱ ለእንጨቱ፣ አንዱ ለቃሉ። የምሠራውን ሁሉ ሃዋይኛ ስሙን እየጠየቅሁ በፊደል እጽፋለሁ። የምጠይቀው ጎረቤቴን ነው። የሃዋይ ተወላጅ ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም። አናካላ ይባላል፤ አጎት ማለት ነው። እኛ ጋሼ እንደምንለው።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ዛሬ እንጨት አልነካሁም። ስለ እንጨት ብቻ ነው የተማርኩት።

ድሮ ሰሌዳ የሚጠረበው ከኮአ፣ ከኡሉ ወይም ከዊሊዊሊ ነበር። ኮአ የግራር ዘመድ ነው። ዊሊዊሊ ደግሞ የኛ ኮርች ዘመድ ነው። ሳይንሱ ዊሊዊሊንና ኮርችን በአንድ ወገን ነው የሚያስቀምጣቸው። ይሄን ሳውቅ ደስ አለኝ። የዊሊዊሊ እንጨት ቀላል ስለሆነ ኦሎ የሚባለው ረጅሙና ወፍራሙ ሰሌዳ ከሱ ይሠራ ነበር። ኦሎ የአሊኢዎች፣ ማለትም የመኳንንቱ ነው። ቢሾፕ ሙዚየም የአሊኢው የአብነር ፓኪ ሰሌዳዎች አሉ፤ ወደ 5 ሜትር ይጠጋሉ። አላያን ግን ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ነበር የሚጋልበው።

ኮአ ዛሬ በጣም ውድ ነው፤ አቅሜ አይደርስም። ፓውሎኒያ የመረጥኩት በዚያ ምክንያት ነው። አላያን በ2000ዎቹ እንደገና ያስነሳው አውስትራሊያ የሚሠራው ቶም ዌጀነር የተጠቀመውም ይሄንኑ እንጨት ነው። የባሕር ውኃ ቶሎ አይጠጣም፤ ላዩን በፕላስቲክ መሸፈን አያስፈልግም።

የድሮው ሥራ የሚጀምረው ጣውላ በመግዛት አልነበረም። በ1896 ሆኖሉሉ የታተመ አንድ ጽሑፍ ሥርዓቱን መዝግቦታል። ጠራቢው ዛፉን ሲመርጥ ኩሙ የሚባል ቀይ ዓሣ ከግንዱ ሥር ያስቀምጣል። ዛፉን ይቆርጣል። ከዚያ ሥሩ ዘንድ ጉድጓድ ቆፍሮ ዓሣውን ይቀብራል፤ ጸሎት ያደርሳል። ለወሰደው ዛፍ ክፍያ ነው።

ይሄን ለአናካላ ሳነብላቸው ፈገግ አሉ። «ዓሣው ኩሙ ነው። ዛፉስ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «ግንዱም ኩሙ ነው» አሉ። ቀስ ብለው ደገሙልኝ። የዓሣው ሁለቱም አናባቢ ይረዝማል፤ የግንዱ አጭር ነው። አጭሩ ኩሙ ግንድ ነው፣ መነሻ ነው፣ መምህርም ነው። እንግዲህ ኩሙን ለኩሙ ነበር የሚሰጡት።

ደብተሬ ላይ ስጽፋቸው አንድ ሆኑብኝ። ኩሙ እና ኩሙ። ፊደላችን የአናባቢ ርዝመት አያሳይም። በላቲኑ ከላይ ካሃኮ የምትባል ጭረት ያደርጋሉ። እኛም መጥበቅና መላላትን አንጽፍም፤ «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉን ከ«ገና ነው» የሚለየው አንባቢው ነው። ለረጅሙ እኔም ከላዩ ጭረት አደረግሁበት።

ሌላው ግን ሁሉ ይመቻል። ሃዋይኛ 13 ፊደል ብቻ ነው ያለው፤ አምስት አናባቢ፣ ስምንት ተነባቢ። ተነባቢ ብቻውን አይቆምም፤ ሁሌ አናባቢ ይከተለዋል። ቃል በተነባቢ አያልቅም። ስለዚህ ሳድስ ብዙም አያስፈልግም። ሄ፣ ኤ፣ ና፣ ሉ። አራት ድምፅ፣ አራት ፊደል። ከስምንቱ ተነባቢ አንዱ ኦኪና ይባላል፤ ጉሮሮ ላይ ቆም የምትል ድምፅ ናት። በላቲን የተገለበጠች ነጠላ ሰረዝ አድርገው ይጽፏታል፤ ብዙ ሰው ይዘላታል። እኛ ግን አለችን። «መአት» ስንል መሀል ላይ ያለችው አ ናት።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

አራቱን ጣውላ ጎን ለጎን አጣበቅሁ። መጀመሪያ ጠርዞቹን በመላጊያ አስተካከልኩ። ሁለት ጣውላ ገጥሜ ወደ ብርሃን አነሳሁ። በመሀላቸው ብርሃን ካለፈ ገና ነው። ብርሃኑ እስኪጠፋ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ውኃ የማይፈራ ኮላ፣ ከዚያ ሞርሳ። ስድስት ሞርሳ ነበረኝ፤ ሁሉንም አጥብቄ አሰርኩ።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ሞርሳውን ስፈታ ጣውላው እንደ ቆርቆሮ ጎብጧል። ሁሉንም ሞርሳ በአንድ ወገን ነበር ያሰርኩት። ከመጠን በላይ ስለጠበቀ መሀሉ ተነሣ። አንዱ መጋጠሚያ በጭራው በኩል ፀጉር የምታህል ክፍተት አለው።

አናካላ አጥር ላይ ተደግፈው አዩት። «ባሕሩ ያቺን ያገኛታል» ብቻ አሉ። እውነታቸውን ነው። በመጋጠሚያው ላይ በመጋዝ ከፈልኩት። እንደገና ላግኩ፣ እንደገና ብርሃን ላይ አየሁ፣ እንደገና አጣበቅሁ። አሁን ሦስት ሞርሳ ከላይ፣ ሦስት ከታች። አንድ ሴንቲ ከስፋቱ ጠፋ። ይሁን።

ግንቦት 13፣ ሮብ ማታ

ኮላው ይደርቃል፤ እኔ አነባለሁ።

በ1778 ካፒቴን ኩክ ወደ እነዚህ ደሴቶች መጣ። በ1779 መጀመሪያ ላይ ከሱ ጋር የነበረው መኮንን ጄምስ ኪንግ ኬአላኬኩአ ወሽመጥ ላይ ሰዎች በሰሌዳ ማዕበል ሲጋልቡ አይቶ ጻፈ። ሃዋይ ውስጥ ስለ ሄኤ ናሉ ካሉት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ይሄ ነው። ሰዎቹ ግን ያኔ ለብዙ ትውልድ ሲጋልቡ ኖረዋል። በማካሂኪ ወቅት፣ ማለትም አራት ወር ገደማ በሚቆየው የመኸር በዓል፣ ጦርነት ክልክል ነበር፤ ሕዝቡ ይጫወታል፣ ይወዳደራል፣ ባሕር ይገባል። ሃዋይ በምትባለው ትልቋ ደሴት፣ ካሃሉኡ ላይ፣ ባሕሩ ዳር ኩኤማኑ የሚባል የድንጋይ ቤተ ጸሎት እስከዛሬ አለ። ለማዕበል የሚጸለይበት ነበር።

ከመርከቦቹ ጋር በሽታ መጣ። ይሄን ክፍል ቶሎ ማለፍ ያምረኛል፤ ግን አይቻልም። በ1890ዎቹ የተረፉት ሃዋይያውያን ወደ 40,000 ብቻ ነበሩ። በመቶ ሺዎች ከሚቆጠር ሕዝብ ማለት ነው። ከ1820 ጀምሮ የመጡት ሚስዮናውያን ደግሞ ራቁትነቱንም፣ ውርርዱንም፣ ሥራ ፈትነት ያሉትንም አልወደዱም። ሰሌዳ እየቀነሰ ሄደ። ብዙ መጽሐፍ «ሰርፊንግ ሊሞት ነበር፣ ከዚያ ዳነ» ብሎ ይጨርሳል። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1885 ሦስት የሃዋይ መሳፍንት፣ ዴቪድ ካዋናናኮአ፣ ኤድዋርድ ኬሊኢአሆኑኢ እና ዮና ኩሂዮ፣ ካሊፎርኒያ ለትምህርት ሄደው ሳንታ ክሩዝ ላይ ከአገሩ ቀይ እንጨት ሰሌዳ አሠርተው ጋልበዋል። ልጆች ናቸው። የሞተ ነገር ልጅ ይዞት አይሄድም።

ቋንቋውም እንደዚያው። በ1896 ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ሕግ ወጣ። የአናካላ አያት ሃዋይኛ በመናገራቸው ክፍል ውስጥ እጃቸውን ተመትተዋል። ቤት ሲመለሱ በምን ቋንቋ አለቀሱ ብዬ አስባለሁ። ከ1834 እስከ 1948 ግን በሃዋይኛ ጋዜጣ ይታተም ነበር። በ1978 ሃዋይኛ የግዛቲቱ የሥራ ቋንቋ ሆነ። በ1984 ካዋይ ደሴት ላይ በሃዋይኛ ብቻ የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ። የአናካላ የልጅ ልጅ ዛሬ ከሳቸው በተሻለ ትናገራለች። እሳቸው ናቸው ይሄን የነገሩኝ፤ በኩራት ነው የነገሩኝ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

መጋጠሚያው ያዘ። ብርሃንም አያሳልፍም።

ካርቶን ላይ ግማሹን ቅርጽ ሣልኩ፤ በእርሳስ ወደ ጣውላው አዛወርኩ፤ ካርቶኑን ገልብጬ ሌላውን ግማሽ ሣልኩ። ሁለቱ ወገን እኩል የሚሆነው እንዲህ ነው። በትንሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ ከመስመሩ በግማሽ ሴንቲ እየራቅሁ ቆረጥኩ። 2 ሜትር ከ13 ርዝመት፣ 41 ሴንቲ ወርድ፣ 19 ሚሊሜትር ውፍረት። ሚዛን ላይ 4 ኪሎ ተኩል።

እዚህ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ቢጠልቅ የሚገፋው ውኃ 16 ኪሎ ገደማ ነው። የራሱን ክብደት ስቀንስ እኔን የሚሸከምበት የሚቀረው ከ12 ኪሎ አይበልጥም። እኔ 68 ኪሎ ነኝ። እንግዲህ አላያ አይሸከምም። ሰውን የሚያነሳው ፍጥነት ሲያገኝ ብቻ ነው።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ መላግ። የድሮ ሰዎች በኮኢ ነበር የሚጠርቡት፤ ምላጩ እንደ ዶማ የዞረ መጥረቢያ ነው፣ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ። እኔ የብረት መላጊያ አለኝ። ቢሆንም እንጨቱ ይናገራል። ከቃጫው ጋር ስልግ ረጅም፣ እንደ ሪባን የሚጠቀለል ፍቅፋቂ ይወጣል፤ ድምፁ «ሽሽሽ» ነው። በተቃራኒው ስሄድ «ጠቅ ጠቅ» ይላል፤ ይነቅላል። አንድ ቦታ ላይ ችኮላ ገባኝና ጥፍር የምታህል ስብራት ነቀልኩ። ቆምኩ። ውኃ ጠጣሁ። ከሌላው ጫፍ ጀመርኩ።

ከሥር በኩል ከመሀል ወደ ጭራ በጣም ስስ የሆነ ጎድጓዳ አወጣሁ። በጥልቁ 4 ሚሊሜትር። ጠርዙን ከሥር ሹል፣ ከላይ ክብ አደረግሁ። አላያ ከሥሩ ክንፍ የለውም። የሰሌዳ ክንፍ የመጣው በ1935 ነው፤ ቶም ብሌክ ነው ያስገባው። ከዚያ በፊት ሰውን ማዕበሉ ላይ የሚይዘው ይሄ ጠርዝ ብቻ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ነው የለካሁት። ዓይን ያላየውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል።

ድሮ የጠረበ ሰው ሰሌዳውን በፖሃኩ ፑና ይፈገፍገው ነበር፤ ሸካራ የኮራል ድንጋይ ነው። እኔ ብርጭቆ ወረቀት አለኝ። አናካላ ግን ከቤታቸው የቆየ የኮራል ቁራጭ አምጥተው «ጭራውን በዚህ ጨርስ» አሉኝ። ጨረስኩ። ከወረቀቱ ይልቅ ይነክሳል፤ ግን አይንሸራተትም፣ የት እንደነካ ይሰማል።

ግንቦት 24፣ እሑድ

የቀለምና የዘይት ቀን።

በድሮው አሠራር ቀለሙ ጥቁር ነበር። ከኪ ተክል ሥር፣ ከኩኩይ ቅርፊት፣ ወይም ከተቃጠለ ቅጠል ከሰል ያወጡታል። ሲደርቅ በኩኩይ ዘይት ይወለውሉታል። ኩኩይ ከፍሬው ዘይት የሚወጣ ዛፍ ነው፤ ፍሬውን እንደ ሻማ ያበሩበት ነበር፤ ቃሉ ራሱ መብራት ማለትም ነው። እኔ የተልባ ዘይት ገዝቼ ነበር። አናካላ ግን ሃያ የሚሆን የኩኩይ ፍሬ በከረጢት ይዘው መጡ። ተልባው ለሌላ ጊዜ ይሁን።

ፍሬውን ከሰል ላይ ቆላነው። ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ ነው፤ በመዶሻ ሰበርነው። ውስጡን ሙቅ እያለ ወቀጥን፤ በንጹሕ ጨርቅ ቋጠርን፤ ሰሌዳው ላይ አሸነው። ዘይቱ በጨርቁ ውስጥ ይወጣል። ገርጥቶ የነበረው እንጨት ዓይኔ እያየ ማር መሰለ። የለውዝና የጭስ ሽታ ጋራዡን ሞላው።

እጄ በጥላሸት ጠቁሯል። አናካላ «ፓው?» አሉኝ። ይሄን ቃል ሃዋይ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አለቀ ማለት ነው። ከሥራ መውጫ ሰዓት ፓው ሃና ይባላል። «ፓው» አልኩ። እጄን ያዙና ገለበጡት። «አይ፣ ይሄ ፓኡ ነው።» ፓኡ ጥላሸት ነው። በላቲን የሚለያቸው የምትዘለለው ኦኪና ናት። በፊደል ግን ፓው እና ፓኡ ናቸው፤ ማንም አይሳሳትም። በጥቁር ጣቴ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። የጣቴ አሻራም ገጹ ላይ ቀረ።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ባሕሩ እንደ መስታወት ተኝቷል። ሰሌዳዬን ይዤ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

አናካላ አሸዋው ላይ የሚሳብ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ሐረግ አሳዩኝ። ፖሁኤሁኤ ይባላል። ድሮ ባሕሩ እንዲህ ሲተኛ ሰዎች ሐረጉን ይዘው ውኃውን አንድ ላይ ይገርፉ ነበር፤ ማዕበሉን በዜማ ይጠሩታል። ዜማው የሚጀምረው «ኩ ማይ» ብሎ ነው፤ ተነሥ፣ ና ማለት ነው። አናካላ ሐረጉን አልቆረጡም። ቃሉን ብቻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለት ጊዜ አሉት። አብሬያቸው አልኩ።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ዛሬ ማዕበል አለ። እስከ ወገብ የሚደርስ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ገባሁ።

ሒሳቡ ልክ ነበር። ሰሌዳው ከደረቴ ሥር ጠለቀ፤ ውኃው አገጬ ላይ። ማዕበል የሚጠበቅበት ቦታ ኩላና ናሉ ይባላል። ፎም ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የምጠብቀው። አላያ ላይ መቀመጥ የለም፤ ውኃው ውስጥ ሆኖ መጠበቅ ነው። ናሉ ሁለተኛ ትርጉም አለው። ማሰላሰል ማለትም ነው። ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት ሳምንት አልፎታል። የገባኝ ግን ዛሬ ነው። አንገቴ ድረስ ጠልቄ፣ አድማሱን እያየሁ፣ የቱ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚሰበር ከማሰብ ሌላ የምሠራው አልነበረም።

አሥራ አንድ ማዕበል አመለጠኝ። ስምንቱ ጥለውኝ ሄዱ፤ ሦስቱ ገለበጡኝ። አሥራ ሁለተኛው ሊሰበር ሲል ያዘኝ። ሰሌዳው በአንዴ ከውኃው ላይ ተነሣ። የጠለቀ ነገር አልመሰለም። ምንም አይጎትትም፤ ከሥሬ ያለው ውኃ ይሰማኛል፣ የእያንዳንዷ ሞገድ ጉብታ ሆዴ ላይ። በሆዴ ተኝቼ አሸዋው ድረስ መጣሁ። ሃዋይኛው ፓኤ ይለዋል፤ በማዕበል ዳር መድረስ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

አንድ ቃል ቀርቶኝ ነበር። ላላ። ማዕበሉ ፊት ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ዳር ሳይሆን ሰያፍ ወደ ጎን መጋለብ ነው። አጭር ላላ። ሁለቱ ሲረዝሙ የዛፍ ቅርንጫፍ ይሆናል።

በፎም ሰሌዳ ክንፉ ነው የሚያዞረው። እዚህ ክንፍ የለም። ጠርዙን በኃይል ስጫን ጭራው ከሥሬ እየወጣ ደጋግሞ ወደ ጎን ጣለኝ። እየተናደድኩ፣ ጡንቻዬ ሁሉ ተወጥሮ፣ ቃሉን ለራሴ እደጋግማለሁ። ላላ፣ ላላ። በአማርኛ ጆሮዬ ግን የሚሰማኝ ሌላ ነው። ላላ፣ ተፈታ። አናካላ ይሄን አያውቁም፤ ሃዋይኛውም እንዲያ አይልም። ትከሻዬን ግን ለቀቅሁ። ጉልበቴን ለቀቅሁ። የግራ ክርኔን ብቻ ወደ ውኃው ዝቅ አደረግሁ።

ጭራው ትንሽ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ጠርዙ ነከሰ። በግራዬ የማዕበሉ ግድግዳ ቆሞ ይሮጣል፤ ከኋላዬ አረፋው። ሰያፍ እየሄድኩ ነው። ምናልባት ስድስት ሰከንድ። ጮኬያለሁ መሰለኝ፤ ዳር ላይ የነበሩ ሁለት ልጆች አጨበጨቡ።

ቤት ስገባ ሰሌዳውን በንጹሕ ውኃ አጠብኩ፤ ጥላ ሥር አደረቅሁ። ድሮ ከባሕር ሲመለሱ በኮኮናት ዘይት አሽተው፣ ካፓ በሚባል የዛፍ ልጣጭ ጨርቅ ጠቅልለው ቤት ውስጥ ይሰቅሉት ነበር። ካፓ የለኝም። እናቴ የላከችልኝ የቆየ ጋቢ አለ። በሱ ጠቅልዬ ጋራዡ ውስጥ ሰቀልኩት። ከጭራው በኩል፣ መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ክፍተት የነበረችበት ቦታ፣ በጣቴ አየሁት። ደረቅ ነው።